መንቀጥቀጡን ወይስ መንቀራፈፉን? ሐዋሳ ላይ ሆነን ለፓርኪንሰን ሕክምና ስንመርጥ

እማዬ ቡና ስትቀዳ እጇ አይንቀጠቀጥም ነበር። ጀበናውን ከፍ አድርጋ፣ ጠብታ ሳታፈስ፣ ስድስቱንም ሲኒ ትሞላለች። እጇ የሚጀምረው ተቀድቶ ካበቃ በኋላ፣ ጭኗ ላይ ሲያርፍ ነው፤ የቀኝ አውራ ጣቷና ሌባ ጣቷ ክር እንደሚያከር ሰው ይተሻሻሉ። ቡና ጠጪው ሁሉ ያንን እያየ የየራሱን ፍርድ ሰጠ፦ ነርቭ ነው፣ ብርድ ነው፣ እርጅና ነው፣ የሰው ዓይን ነው። እኔም ያየሁት እጇን ብቻ ነበር። ቀሚሷን ለመቆለፍ የልጅ ልጇን መጥራት እንደጀመረች፣ እሑድ ለቅዳሴ ለመድረስ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነስታ መልበስ እንደጀመረች፣ ድምጿ ሳስቶ ስልክ ላይ "አይሰማም እኮ" እየተባለች እንደምትዘጋ ልብ ያልኩት ዘግይቼ ነው።

አርቴን የሚባለውን ክኒን አስቀድመን የገዛንላት በዚህ ምክንያት ነው። እጇ በእርግጥ ጋብ አለ። ከወንበር መነሳት ግን እንደከበዳት ቀረ፤ አፏ ደረቀ፣ በሦስተኛው ወር ደግሞ የሞተች እህቷን ሳሎን ውስጥ ማነጋገር ጀመረች። "አእምሮዋ ሄደ" ብለን ስናለቅስ የሰነበትነው ለካ የክኒኑን ሥራ ኖሯል። ዘመድ የሚያየው መንቀጥቀጡን ነው፤ ታማሚውን አስሮ የሚያስቀምጠው ግን አብዛኛውን ጊዜ መንቀራፈፉና መገተሩ ነው። ከዚህ በታች የማነጻጽራቸውን ነገሮች ሁሉ የማየው ከዚህ ተነስቼ ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ የመድኃኒቱን መጠን የሚወስነው ሐኪም ነው። ሐኪሙ ፊት ምን ብላችሁ እንደምትናገሩና ምን ብላችሁ እንደምትጠይቁ ግን የእናንተ ድርሻ ነው።

ጀበናው የሚነግራችሁ

ሁለት ዓይነት መንቀጥቀጦች በብዛት ይምታታሉ። አንደኛው ሥራ ላይ የሚመጣ ነው፦ ሲኒ ሲያነሱ፣ መርፌ ላይ ክር ሲያስገቡ፣ ሲፈርሙ። አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም እጅ ይይዛል፤ አንዳንዴ ራስን ያስነቀንቃል፣ ድምፅንም ያርገበግባል። "አያታችንም እንዲህ ያደርጋቸው ነበር" የሚል ሰው ከቤተሰቡ አይጠፋም። አንድ መለኪያ አረቄ ሲቀምሱ ጋብ ይላል፤ ሐኪሙ ስለ መጠጥ የሚጠይቃችሁ ይህን ለመለየት እንጂ እንድትጠጡ ፈልጎ አይደለም። ይህ ፓርኪንሰን አይደለም። መድኃኒቱም ሌላ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ፕሮፕራኖሎል ሲሆን አስም ላለበት ሰው አይሆንም።

የፓርኪንሰኑ የእረፍት መንቀጥቀጥ ነው። እጅ ሥራ ሲፈታ ይመጣል፣ ሥራ ሲይዝ ይቀንሳል። በአንድ ወገን ይጀምርና በጊዜ ብዛት ወደ ሌላው ይሻገራል። ግን እሱ ብቻውን አይበቃም፤ መንቀራፈፍ ከሌለ ሐኪም ፓርኪንሰን አይልም። ጣትና ጣትሽን ቶሎ ቶሎ አጋጪ፣ መሬቱን በተረከዝሽ ምቺ፣ ተነሺና ሂጂ የሚባለው ያንን ለማየት ነው። ሲራመዱ አንደኛው ክንድ አይወዛወዝም፣ ፊት ላይ ስሜት አይነበብም፣ ክንዳቸውን ስታጥፉት እንደ ማርሽ ጥርስ እየቆራረጠ ይይዛል። ጥቂት የማይባሉ ታማሚዎች ደግሞ ከናካቴው አይንቀጠቀጡም። "ኮራ"፣ "አኮረፈ"፣ "ሰነፈ" እየተባሉ ዓመታት የሚያልፉባቸው እነሱ ናቸው።

ወደ ኋላ ሳስበው ምልክቱ ከእጇ በፊት ነበር። ቡና ተቆልቶ ጭሱ ቤቱን ሞልቶት እሷ "ይሄ ቡና ሽታ የለውም፤ ከማን ገዛችሁት?" ትል ነበር። የሆድ ድርቀቱ ከዚያም በፊት ነው። በእንቅልፍ ልቧ ከሰው ጋር ስትታገል፣ ስትጮህ፣ አንዴም ከአልጋ ስትወድቅ "ቅዠት ነው" ብለን አለፍነው። ሦስቱም ከመንቀጥቀጡ ብዙ ዓመት ቀድመው ሊመጡ ይችላሉ። ጽሑፍ የሚያዘወትር ሰው ላይ ፊደሉ እየኮሰመነ ይሄዳል፤ አንድ ጎረቤታችን ጡረታቸውን ሊያወጡ ሄደው "ፊርማዎ አልተመሳሰለም" ተብለው ሁለት ጊዜ ተመልሰዋል። እሳቸውን ወደ ሐኪም የላካቸው የገንዘብ ከፋዩ ጥርጣሬ ነው ማለት ይቻላል።

ሦስተኛው መምታታት ከመድኃኒት የሚመጣ ነው። ለአእምሮ ሕመም የሚሰጡት ሃሎፔሪዶልና ክሎርፕሮማዚን፣ በየወሩ የሚወጋው ፍሉፌናዚን፣ ለማስታወክ የሚሰጠው ፕላሲል፣ ለራስ ማዞር የሚወሰደው ሲናሪዚን ሁሉም ቁርጥ ፓርኪንሰን የሚመስል ነገር ሊያመጡ ይችላሉ። መድኃኒቱ በሐኪም ትእዛዝ ሲቆም ብዙውን ጊዜ ይለቃል፤ ግን ወራት ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ ወደ ሐኪም ስትሄዱ ቤት ያለውን ክኒን ሁሉ፣ ያለቀውን ማሸጊያ ሳይቀር፣ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ።

ኤምአርአይ ይነሳ ወይስ ይቅር? እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ ይከስራል። ፓርኪንሰንን የሚለየው የሐኪሙ ዓይንና እጅ ነው፤ ተራው የአንጎል ምስል አብዛኛውን ጊዜ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። ምስሉ የሚጠቅመው ሌላ ነገር ሲጠረጠር ነው፦ ገና በመጀመሪያው ዓመት ደጋግመው ወደ ኋላ የሚወድቁ ከሆነ፣ እግራቸው መሬት ላይ እንደተጣበቀ ሆኖ ሽንት ማምለጥና መርሳት አብረው ከመጡ፣ ወይም ዋናው የፓርኪንሰን መድኃኒት ሌቮዶፓ በበቂ መጠን ተወስዶ ምንም ለውጥ ከሌለ። "ለማንኛውም እናንሳ" የሚለውን ገንዘብ ለመድኃኒቱ አቆዩት።

"ለምን እሷን?" ለሚሉ

የለንደኑ ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰን በሽታውን እ.ኤ.አ. በ1817 ገልጾ ጻፈ፤ ስሙም በእሱ ቀረ። በአንጎል ግንድ ውስጥ ጠቆር ያለች ትንሽ ስፍራ አለች፤ እዚያ ያሉት ሕዋሳት እንቅስቃሴን የሚያለዝበውን ዶፓሚን ይሠራሉ። በፓርኪንሰን እነዚህ ሕዋሳት ቀስ በቀስ ይሞታሉ፤ እጅ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ አልቀዋል። ለምን ይሞታሉ ለሚለው አንድ መልስ የለም። ዕድሜ ትልቁ ነው፤ አብዛኛው ሰው የሚያዘው ከ60 ዓመት በኋላ ነው። በዘር የሚመጣው ጥቂቱ ነው። እንደ ፓራኳት ያሉ የአረምና የተባይ መርዞች እንዲሁም ጭንቅላት ላይ የሚደርስ ከባድ ምት አደጋውን ከፍ ከሚያደርጉት ይቆጠራሉ፤ እርሻ ላይ የኖረ አባት ካላችሁ ይህንን ለሐኪሙ ንገሩት። አይተላለፍም፤ በአንድ ሲኒ መጠጣት ይቻላል። እርግማንም አይደለም። ፋጡማ ሮባ ማራቶን፣ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ 10 ሺህ ሜትር ባሸነፉበት የ1996ቱ የአትላንታ ኦሎምፒክ ችቦውን የለኮሰው መሐመድ አሊ እጁ ሲንቀጠቀጥ ዓለም ሁሉ አይቷል። በሽታው እንዳለበት ከታወቀ ያኔ 12 ዓመቱ ነበር።

አርቴን፣ ሌቮዶፓ ወይስ ሌላው?

ሕዋሳቱ እንዳይሞቱ የሚያደርግ መድኃኒት እስካሁን የለም። ያሉት ሁሉ ምልክቱን የሚያቀሉ ናቸው፤ ስለዚህ ምርጫው "የቱ ያድናል?" ሳይሆን "የቱ የእሷን ቀን ያቀልላታል?" ነው።

አርቴን፣ በሙሉ ስሙ ትራይሄክሲፈኒዲል፣ ዋጋው ይቀላል፤ መንቀጥቀጥ ላይም ይሠራል። መንቀራፈፍና መራመድ ላይ የሚያደርገው ግን ትንሽ ነው። የ45 ዓመት ሰው ሆኖ፣ አእምሮው ንቁ ሆኖ፣ ያስቸገረው የቀኝ እጁ መንቀጥቀጥ ብቻ ከሆነ ይገባኛል። ለ70 ዓመት እናት ግን እኔ ሁለተኛ አልቀበለውም፦ መርሳት፣ የሌለ ነገር ማየት፣ የሆድ ድርቀት፣ ሽንት መያዝ፣ የዓይን ግፊት ላለበት ደግሞ ዓይንን መጉዳት። ቀድሞ የተጀመረ ከሆነ በራሳችሁ ባንዴ አታቁሙት፤ ሐኪሙ ቀስ እያለ ያወርደዋል።

ሌቮዶፓ አንጎል ውስጥ ገብቶ ራሱ ዶፓሚን ይሆናል። አብሮት የሚታሸገው ካርቢዶፓ አንጎል ሳይደርስ ደም ውስጥ እንዳይባክን ይጠብቀዋል፤ ማቅለሽለሹንም ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. ከ1967 ወዲህ፣ ኮትዚያስ የተባለው ሐኪም በአፍ በሚወሰድ ከፍተኛ መጠን መሥራቱን ካሳየ ጀምሮ፣ መንቀራፈፍና መገተር ላይ የሚወዳደረው አልተገኘም። የዓለም ጤና ድርጅትም መሠረታዊ ከሚላቸው መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። ሁሉን ግን አያነሳም፤ ሚዛን መሳት፣ የንግግር መሳሳትና መርሳት እምብዛም አይለወጡም። መንቀጥቀጡም አንዳንዱ ሰው ላይ ግትር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ወሬ አለ፤ ከጤና ባለሙያም ጭምር ሰምቼዋለሁ፦ "ሌቮዶፓ አምስት ዓመት ነው የሚሠራው፤ ስለዚህ ለክፉ ቀን ይቀመጥ።" ከዓመታት በኋላ ክኒኑ ቶሎ ቶሎ ማለቅ እንደሚጀምር፣ ሰውነትም ያለ ፈቃድ መወዛወዝ እንደሚያመጣ እውነት ነው። ግን ያ የሚመጣው በሽታው ስለገፋ ነው ወይስ ክኒኑ ቀድሞ ስለተጀመረ? እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ጥናት የጋናንና የጣሊያንን ታማሚዎች አነጻጸረ። ጋናውያኑ መድኃኒቱን ስለሚያጡ ዘግይተው ነበር የጀመሩት፤ ሆኖም መወዛወዙም ሆነ ክኒኑ ቶሎ ማለቁ በሁለቱም አገር የመጣው በሽታው ከጀመረ በተቀራራቢ ጊዜ ነው። ማቆየታቸው ያተረፈላቸው ነገር አልነበረም። እኛ ደግሞ "ለክፉ ቀን" ብለን ስናስቀምጥ እማዬ ወንበር ላይ ያሳለፈችው አንድ ዓመት አለ፤ ያ ክፉ ቀን ካልሆነ ምን ክፉ ቀን እንደምንጠብቅ አላውቅም።

ሦስተኛው ወገን ብሮሞክሪፕቲንና ፕራሚፔክሶል ናቸው። ዶፓሚንን ሳይሆኑ እሱን መስለው የሚሠሩ ናቸው። በዕድሜ ለጋ ለሆነ ሰው፣ መወዛወዙ ቶሎ እንዳይመጣ ተብሎ፣ ሊመረጡ ይችላሉ። ብሮሞክሪፕቲን ሲቆይ የልብ በርንና ሳንባን ሊያደነድን ስለሚችል ክትትል ይፈልጋል። ሁለቱም ባልታሰበ ሰዓት እንቅልፍ ያመጣሉ፤ ባጃጅ ወይም መኪና ለሚነዳ ሰው ይህ ቀልድ አይደለም። ከሁሉ የሚገርመው ደግሞ ጠባይ መለወጣቸው ነው፦ ቁማር የማያውቅ ሰው ስፖርት ውርርድ ቤት መዋል ይጀምራል፣ ቆጣቢው ገንዘብ ይበትናል፣ የፍትወት ስሜት ከልክ ያልፋል። ታማሚው ስለሚያፍር አይናገርም፤ ጠይቁት። መድኃኒቱ ሲቀነስ ይተዋል።

በማሸጊያው ላይ ስላለው ቁጥር አንድ ነገር ልበል፤ ውጭ አገር ዘመድ ላለው ቤት ሁሉ ይጠቅማል። እዚህ የምንገዛው ሌቮዶፓና ካርቢዶፓ 100/25 ወይም 250/25 ይላል፤ ፊተኛው ሌቮዶፓው ነው። ከአሜሪካ የሚላከው ቁጥሩን ገልብጦ 25/100 ወይም 25/250 ይላል፤ ያው ነው። ማዶፓር ተብሎ የሚመጣው ግን ከሌቮዶፓ ጋር ያለው ካርቢዶፓ ሳይሆን ቤንሰራዚድ ነው፤ ልክ እንደዚያው ተብሎ በራስ አይቀየርም። ቀስ ብሎ የሚለቀቀው ዓይነት ከተላከላችሁ አትፍጩት፤ ማኘክም አይቻልም። የተላከላችሁን ለሐኪሙ አሳዩት።

ከክኒኑ ጋር የሚጋጩ ነገሮች

ሌቮዶፓ ሲጀመር ማቅለሽለሽ የተለመደ ነው። እማዬን በሁለተኛው ሳምንት አስመለሳት፤ ሰፈር ያለ ክሊኒክ ወሰድናት፣ ፕላሲል ወጓት። በማግስቱ እንደ እንጨት ደርቃ ነው ያገኘናት። ፕላሲል ዶፓሚንን የሚዘጋ ነው፤ በአንድ እጅ እየሰጡ በሌላው መንጠቅ ማለት ነው። ለፓርኪንሰን ታማሚ የሚሻለው ዶምፔሪዶን ነው፤ የልብ ችግር ካለ ግን ለሐኪሙ መነገር አለበት። የሌለ ነገር ሲያዩ የሚሰጠው ሃሎፔሪዶልም እንደ ፕላሲል ያደርቃል። እኔ በአንድ ወረቀት ላይ "ፓርኪንሰን አለብኝ፤ ፕላሲልና ሃሎፔሪዶል አይሰጠኝ" ብዬ ጽፌ ቦርሳዋ ውስጥ ከመታወቂያዋ ጋር አድርጌዋለሁ።

ክኒኑ ከምግብ 30 ደቂቃ በፊት ወይም ከ1 ሰዓት በኋላ ቢወሰድ ይመረጣል፤ ሥጋ፣ ዓሣ፣ ወተት፣ ወፍራም ሽሮ ከሌቮዶፓው ጋር መግቢያ ይሻማሉ። ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ሄደን የተጠበሰ ዓሣ በበላች ቀን ከሰዓት በኋላ እግሯ አልንቀሳቀስ የሚላት ለምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። ዓሣውን አልከለከልኳትም፤ ወደ ማታ አዞርነው። የደም ማነስ ክኒን፣ አይረኑ ማለት ነው፣ ከሌቮዶፓው በሁለት ሰዓት ይራቅ። ለድርቀቱ ውኃና ተልባ ረድቷታል።

ጾሙ ላይ ብዙ ተጨቃጭቀናል። እስከ 9 ሰዓት የምትጾም ሴት ጠዋት ክኒኗን ትተዋለች፤ እኩለ ቀን ላይ ትገተራለች። የነፍስ አባቷ "መድኃኒት ምግብ አይደለም" ብለው ሲፈቱላት ነው ነገሩ የተፈታው። ረመዳን ለሚጾሙ ቤተሰቦችም ከወሩ በፊት ከሐኪሙ ጋር ሰዓቱን ማስተካከል ያስፈልጋል። ጠበሉን በተመለከተ፣ መጠመቅና ክኒን መዋጥ አይጣሉም። የሚያጣላው "ክኒኑን ጥለህ ና" የሚለው ነው። ሌቮዶፓ ድንገት ሲቆም ብርቱ መድረቅ፣ ከፍተኛ ትኩሳትና ራስን መሳት ሊያመጣ ይችላል፤ ይህ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል የሚያስኬድ ነው። በዚሁ ምክንያት የመጨረሻው ስትሪፕ ላይ ሳትደርሱ ግዙ። እኛ የአንድ ወር ተቀማጭ አለን።

ባቄላ እሸት ሌቮዶፓ አለው የሚባለው ወሬ አይደለም፤ እውነት አለው። ግን ከማሳ ማሳ፣ ከእሸት እሸት መጠኑ ይለያያል። በክኒን ቦታ ሊተካ አይችልም፤ ከክኒኑ ጋር በብዛት ሲበላም ሰውነት ሊያወዛውዝ ይችላል።

ሐዋሳ ወይስ አዲስ አበባ?

መንገዱ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለተገተረ ሰው ከጠዋት እስከ እኩለ ቀን ሚኒባስ ውስጥ መቀመጥ ራሱ ሕመም ነው። የእኔ ምርጫ ይህ ነው፦ ምርመራው አጠራጣሪ ከሆነ አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ሄዶ በነርቭ ሐኪም መታየት፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ክትትል ሐዋሳ ላይ ማድረግ። በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል በውስጥ ደዌ ክፍል በኩል መግባት ይቻላል። መጠን ከፍ ዝቅ ማድረግ በዓመት አንዴ በሚደረግ ጉዞ አይሆንም፤ በየጊዜው የሚያያት አንድ ሐኪም ከሩቅ ስመ ጥር ሐኪም ይበልጣል። በስልካችሁ ሁለት ቪዲዮ ቅረጹ፤ አንዱን ክኒኑ ከመወሰዱ በፊት፣ ሌላውን ከተወሰደ ከአንድ ሰዓት በኋላ። ሐኪሙ ክፍል ውስጥ በአሥር ደቂቃ የማያየውን ያሳያል። አዲስ አበባ ከሄዳችሁ አይቀር ክብራ ከበደ የመሠረተችውን የፓርኪንሰን ሕሙማን ድጋፍ ድርጅት ጠይቁ፤ ያው ሕመም ያለበትን ሰው ማግኘት ለእማዬ ከምክሬ ሁሉ በልጧል።

ውጭ ሄዶ አንጎል ውስጥ ኤሌክትሮድ ማስቀመጥስ? እ.ኤ.አ. በ1987 ፈረንሳይ፣ ግረኖብል ከተማ ቤናቢድ የጀመረው ነው፤ በትክክል ለተመረጠ ሰው ትልቅ ለውጥ ያመጣል። የሚመረጠው ግን ሌቮዶፓ በደንብ የሚሠራለት፣ ሆኖም ክኒኑ ቶሎ ቶሎ እያለቀበት ወይም እያወዛወዘው የተቸገረ ሰው ነው። ከመንቀጥቀጥ በስተቀር ሌቮዶፓ ያልለወጠውን ነገር ኤሌክትሮዱም ብዙ አይለውጠውም፤ መርሳት ለበረታበት አይመከርም። ቤት ከመሸጣችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ መሣሪያው ከተቀመጠ በኋላ ተደጋግሞ ይስተካከላል፣ ባትሪውም ያልቃል፤ ይህንን ማን፣ የት ያደርግልናል? መልሱ እንደገና አውሮፕላን ከሆነ ሒሳቡን በዚያ ልክ ሥሩ።

እንቅስቃሴን ከክኒን ጋር ማወዳደር አያስፈልግም፤ ሁለቱም ናቸው። ሐዋሳ ሜዳ ናት፣ የሐይቁ ዳር መንገድም ተነጥፏል። እግሯ በር ላይ ሲጣበቅ አንጎትታትም፤ ጫማዬን ፊቷ አደርግና "ተሻገሪው" እላታለሁ፣ ወይም አጨበጭባለሁ። ምቱን ስትሰማ እግሯ ይነሳል። ሳሎን ያለውን ትንሽ ምንጣፍ አንስተናል።

አሁን ክኒኗን ጠዋት 12 ሰዓት፣ ቀን 6 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት ትወስዳለች። እጇ ጭኗ ላይ ሲያርፍ ዛሬም ይንቀጠቀጣል፤ ቡና ጠጪዎቹ እያዩ "ምነው፣ መድኃኒቱ አልሠራም እንዴ?" ይሉኛል። ቀሚሷን የቆለፈችው ራሷ ናት።